ፈተናው 34 አለኝ፤ ታዲያ ምን ልበል?

ሐኪም ሳላይ ኦቲስቲክ ነኝ ማለት እችላለሁ የሚለውን ጥያቄ ኢንተርኔት ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ኦቲዝም ማለት ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ከሌላው ጋር የሚግባባበትና ዓለም የሚሰማው መንገድ ከብዙኃኑ ሲለይ ነው። ስለዚህ የተመለሰልኝን ሰብስቦ መንገርም የእኔው ዕዳ ሆነ። ውይይቱ 47 መልስ ላይ ደርሷል። አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉንም ከሚያነብ ይህን ቢያነብ ይቀለዋል። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፤ በራሴ አነጋገር ነው የምነግራችሁ። ቁጥሮቹ ግን የመልሶቹ ተራ ቁጥሮች ናቸው።

መነሻዬ ይህ ነበር። አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስልኬን ስነካካ ባለ 50 ጥያቄው የኦቲዝም መጠይቅ ላይ ወደቅኩ። እ.ኤ.አ. በ2001 በካምብሪጅ የእነ ሳይመን ባረን ኮኸን ቡድን ያወጣው ነው። መስመሩ 32 ነው፤ ያንንና ከዚያ በላይ ያመጣ ይጠረጠራል። እኔ 34 አመጣሁ። እስኪነጋ ድረስ ሕይወቴን ወደኋላ እያጠነጠንኩ አደርኩ። ሰው ሲሰበሰብ ጓዳ ገብቼ መደበቄ፣ የሸሚዝ ምልክት ከአንገቴ ላይ ቆርጬ መጣሌ፣ ስልክ ሲጮህ ልቤ መዝለሉ፣ ሁሉም በአንዴ ስም ያገኘ መሰለኝ። ጠዋት ገብቼ ጠየቅኩ፦ ሐኪም ሳላይ ኦቲስቲክ ነኝ ማለት እችላለሁ? እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ግን ዘንድሮ ያልተመረመረ እንጂ ጤነኛ የለም የምትል ቀልድ ጨመርኩባት። ጠቡን የጠራችው እሷ ናት።

ቁጥር 1 ደግ ሰው ናት። እንኳን ደህና መጣሽ ብላ ነው የጀመረችው። እሷ ኦቲዝም እንዳለባት የታወቀው በ38 ዓመቷ ነው። ከዚያ በፊት ሁለቴ ድብርት፣ አንዴ ጭንቀት ተብላ መድኃኒት ውጣለች። ማንም አልጠረጠረም። ሰው ዓይን ማየትን፣ መቼ መሳቅ እንዳለባት ሳይቀር፣ እንደ ትምህርት አጥንታ ይዛዋለች። ማታ ቤቷ ስትገባ ግን መብራት አጥፍታ መሬት ላይ ትተኛለች። የሴቶች ነገር ከሥሩ የተዘነጋ ነው ባይ ናት። የልጆች አእምሮ ሐኪሙ ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 ኦቲዝምን ለመጀመሪያ ጊዜ በዝርዝር ሲጽፍ ካያቸው 11 ልጆች 8ቱ ወንዶች ነበሩ። የኋላው መለኪያም በወንድ ልጅ ልክ ተሰፋ። ራሷ ባትጠረጥር ኖሮ ማንም እንደማይደርስላት ነው የምታምነው።

ቁጥር 2 ሐኪም ዘንድ እንድሄድ ብቻ መክሮ ወጣ። ቁጥር 3 በሱ ተስማምታ ማጣሪያና ምርመራ አንድ እንዳልሆኑ አስረዳች። መጠይቅ መረብ ነው። የሚፈለገው ዓሣ እንዳያመልጥ ሆን ተብሎ ሰፊ ስለሚደረግ ሌላውንም ጎትቶ ያወጣል። ምርመራው ግን ሰዓታት ይወስዳል። ባለሙያው ልጅነትን ይጠይቃል፣ ቤተሰብ ያነጋግራል፣ በራሱ ዓይን ያያል፣ ሌላ ምክንያት እንዳለ ያጣራል። ደግሞም ነገሩ ኑሮን በግልጽ ማወክ አለበት። የሸሚዝ ምልክት ያሳከከው ሁሉ አይቆጠርም። ይቺ የመጨረሻዋ ለእኔ ነበረች።

ቁጥር 4 ሒሳብ ይዞ መጣ። ሒሳብ አልወድም፤ ይህን ግን ሁለቴ አነበብኩት። መጠይቁን የሠሩት ሰዎች ሲፈትሹት፣ በሐኪም ከተረጋገጠላቸው አዋቂዎች 80 በመቶው 32ና ከዚያ በላይ አመጡ። ከሌላው ሰው መስመሩን ያለፈው 2 በመቶ ብቻ ነው። ሲሰሙት እንከን የለውም። እንግዲህ 1,000 ሰው በዘፈቀደ ሰብስቡ። ከመቶ አንዱ ኦቲስቲክ ነው ብንል 10 ሰው ይኖረናል፤ 8ቱ መስመሩን ያልፋሉ። ከቀሩት 990 ደግሞ 2 በመቶው፣ ማለትም 20 ያህሉ ያልፋሉ። በድምሩ 28። ከነዚህ ውስጥ ኦቲስቲክ የሆኑት 8 ብቻ ናቸው። ሃያዎቹ ምንም ሳይኖርባቸው እንደኔ ሲያጠነጥኑ ያድራሉ።

ቁጥር 5 ይህን የጻፈው ሐኪም መሆን አለመሆኑን ጠየቀ፤ አጠያየቁ ግን የጠያቂ አልነበረም። ቁጥር 4 የስታቲስቲክስ አስተማሪ ነው። ቁጥር 6 ደግሞ እሱን በጨዋነት አረመችው። በሌሊት ተነስቶ ይህን መጠይቅ የሚሞላ ሰው በዘፈቀደ የተሰበሰበ አይደለም። ጥርጣሬ ይዞት ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ የሱ ዕድል ከዚያ ከፍ ይላል። በሌላ በኩል ጭንቀት ብቻውንም ነጥቡን ሊያንር ይችላል። አስተማሪው እርማቷን ተቀበለ። በ47 መልስ ውስጥ አንድ ሰው ሐሳቡን ሲያስተካክል ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ከዚያ ነገር መክረር ጀመረ። ቁጥር 7 በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሰው እ.ኤ.አ. በ1948 ያደረገውን ተረከ። 39 ተማሪዎች የባሕርይ ፈተና ተፈተኑ። ከዚያ ለየግላችሁ የተጻፈ ነው ተብሎ ውጤት ታደላቸው። ትክክለኛነቱን ከ5 ሲመዝኑት አማካዩ 4.26 ሆነ። ለካስ ለሁሉም የታደለው አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነው፤ ያውም ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ የተለቃቀመ። ቁጥር 7 ዛሬ ስልክ ላይ የሚዞሩት የኦቲዝምና የኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር) ምልክቶች ዝርዝር ከዚህ አይለይም ብሎ ደመደመ። ዕቃ መርሳት፣ ነገ ነገ ማለት፣ ሰው ፊት ማፈር የማን አይደለም?

ቁጥር 8 ስቃዬን ከኮከብ ቆጠራ ጋር አታወዳድርብኝ በሚል መንፈስ እሳት ሆና መጣች። እውነቷን ነው። ግን ቁጥር 7 የተናገረው ስለ ዝርዝሩ እንጂ ስለሷ አልነበረም። ሁለቱን አምታታችው። እሱም ሳይጠነቀቅ ነው የጻፈው። ቁጥር 9 ለማስታረቅ ይመስላል፣ የካናዳ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጡትን ጥናት ጠቀሰ። ቲክቶክ ላይ በብዛት ከታዩት የኤዲኤችዲ ቪዲዮዎች 100 ወስደው ሲመረምሩ 52ቱ አሳሳች ሆነው ተገኙ። ማስታረቁ አልሠራም።

ከ10 እስከ 13 ወሬው ሌላ መንገድ ያዘ። ቁጥር 11 ጫጫታ የሚያፍን የጆሮ ማዳመጫ እንዴት ሕይወቷን እንዳቀናላት በፍቅር ጻፈች። ምን ዓይነት እንደሆነ ተጠየቀች። ተመለሰ። ተመሰገነ። ቁጥር 12 ኦቲዝም የሚለው ቃል ከግሪኩ “ራስ” ከሚለው መምጣቱን፣ መጀመሪያ የተጠቀመበት የስዊዘርላንዱ ሐኪም ኦይገን ብሎይለር ስኪዞፍሬንያን፣ ማለትም ሰውን ከእውነታ የሚያርቀውን የአእምሮ ሕመም፣ ሲገልጽ መሆኑን አስረዳና አማርኛ ይፈለግለት አለ። የፈለሰፈውን ቃል ለክብሩ ስል እዚህ አልደግመውም። ቁጥር 13 ደግሞ ቁጥር 1ን አረመ። ከካነር በፊት እ.ኤ.አ. በ1925 ግሩንያ ሱኻሬቫ የተባለች የሶቪየት ሐኪም ተመሳሳይ ልጆችን በዝርዝር ጽፋለች። የሴቶች ነገር ተዘነጋ ከተባለ እሷም ከተዘነጉት ናት።

ቁጥር 14 አባት ነው። ልጁ 12 ዓመቱ ነው። አይናገርም። መጸዳጃ ቤት ብቻውን አይሄድም። ሲከፋው ጭንቅላቱን ከግድግዳ ስለሚያጋጭ ቤት ውስጥም መከላከያ ቆብ ያደርጋል። አባትየው እሱና ሚስቱ አብረው ከቤት የወጡበትን ቀን አያስታውስም፤ አንዳቸው ይቀራሉ። የሚያበሳጨው ይህ አይደለም፤ ለምዶታል። የሚያበሳጨው የልጁ ስም ሲወሰድ ማየት ነው። ድሮ ልጄ ኦቲስቲክ ነው ሲል ሰው ዝም ብሎ ያዳምጠው ነበር። አሁን ግን እኔም ትንሽ አለብኝ መሰለኝ ብለው ይስቃሉ። የእኔን 34 ነጥብ ስሟን ጠርቶ ነካካት። ግብዣ አለመውደድና ልጄ የሚኖረው ኑሮ በአንድ ቃል ከተጠሩ ቃሉ ምን ቀረው ብሎ ነው የጨረሰው።

መልስ አልነበረኝም። አሁንም ሙሉ መልስ የለኝም።

ቁጥር 15 ግን ነበረው። የሚናገር፣ ትምህርት የጨረሰ፣ በሐኪም የተረጋገጠለት ኦቲስቲክ ነው። ከ4 ሥራ ተባሯል። አንዴም ሥራው ከፍቶ አይደለም፤ ስብሰባ ላይ የማይባለውን እየተናገረ ነው። የእሱ ችግር በዚሁ ስም መጠራቱ ከልጁ ድርሻ ምንም እንደማይቀንስ ለአባትየው በትሕትና ጻፈለት። ቁጥር 16 ላይ አባትየው ተመለሰ። ይቀንሳል ባይ ነው። ጥናት የሚሠራው መጠይቅ መሙላት በሚችል ሰው ላይ ነው፤ መድረክ የሚሰጠው መናገር ለሚችል ሰው ነው። ልጁ ሁለቱንም አይችልም። እኔን ከጠየቃችሁኝ እዚህ ላይ አባትየው ረቷል።

ቁጥር 17 አእምሮ ሕክምና ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት። ሁለቱ እንዴት በአንድ ስም እንደተጠሩ በደንብ ያስረዳችው እሷ ነች። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1980 ኦቲዝምን ለብቻው ሲያስገባ ጠባብ ነበር፤ በሕፃንነት የሚጀምረውን ያይ ነበር። በ1994 አስፐርገር፣ ማለትም አፍ መፍታት የማይዘገይበት ዓይነት፣ ተጨመረ። በ2013 አስፐርገር ቀርቶ ሁሉም ኦቲዝም ስፔክትረም በሚል አንድ ጥላ ሥር ገባ። በምትኩ እንደሚያስፈልገው ድጋፍ 3 ደረጃ ወጣ፤ 3 ከሁሉ ብዙ ድጋፍ የሚሻው ነው። በወረቀት የአባትየው ልጅና እኔ ብንመረመር 3 እና 1 ልንባል እንችል ይሆናል። በወሬ ግን ደረጃውን የሚጠራ የለም። ነርሷ ሌላም ነገር አነሳች። የ1994ቱን ሥራ የመራው ሐኪም አለን ፍራንሰስ ኋላ ላይ ምርመራ ከልክ አለፈ ብለው ከሚጮሁት ቀንደኛው ሆኗል። በሩን የከፈተው ሰው ነው በሩ ይዘጋ የሚለው።

ያው በዚህ ርዕስ የማይቀር ነገር አለ፤ ቁጥር 18 ኦቲዝምን ያበዛው ክትባት ነው ብሎ መጣ። በአሜሪካ የ8 ዓመት ልጆች ላይ በሚደረገው ክትትል ኦቲስቲክ የተባለው ልጅ እ.ኤ.አ. በ2000 ከ150 አንድ ነበር፤ በ2022 ከ31 አንድ ሆነ። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ መደምደሚያው አይደለም። ከ19 እስከ 21 ያሉት ተረባርበው መለሱለት። የክትባቱን ወሬ የወለደው የ1998 ጽሑፍ 12 ልጆች ላይ የተመሠረተ ሲሆን በ2010 ተሽሯል። በዴንማርክ ከ650 ሺህ በላይ ልጆች ተጠንተው ግንኙነት አልተገኘም። ቁጥር 21 የስዊድኑን ጨመረ። እዚያ በ10 ዓመት ውስጥ በተወለዱ ልጆች ላይ ወላጆች የሚናገሩት ምልክት ባለበት ሲቆይ፣ መዝገብ ላይ የሰፈረው የኦቲዝም ቁጥር ግን ሽቅብ ወጥቷል። ቁጥር 18 ከዚያ በኋላ አልታየም።

ከ22 ጀምሮ ኦቲዝም ተረሳና ድብርት ተነሳ። ቁጥር 22 እናቷ በሞተች በሁለተኛው ሳምንት ለራስ ምታት ሐኪም ዘንድ ሄደች። ባለ 9 ጥያቄውን የድብርት መጠይቅ ሰጧት። ያለፉትን 2 ሳምንታት ነው የሚጠይቀው፤ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ተስፋ መቁረጥ። ከ27 19 አመጣች። 10 ደቂቃ ሳይሞላ መድኃኒት ታዘዘላት። የእናቷን ነገር የጠየቃት የለም። አልቅሳ ሳትጨርስ በሽተኛ ተባለች።

ቁጥር 23 በተቃራኒው ነው። ድብርት ነው ብሎ ለራሱ ወስኖ 2 ዓመት ተቀመጠ። ድካም፣ ክብደት መጨመር፣ ነገር ማስጠላት ነበረበት። ደሙ ሲመረመር ታይሮይዱ፣ የአንገቱ ዕጢ፣ ነው። ቁጥር 24 ኤዲኤችዲ አለብኝ ስትል የኖረች ናት፤ ሌሊት ትንፋሿ እየተቋረጠ እንቅልፍ የሚባል አታገኝም ነበር። ቁጥር 25 አንብቤ የደነገጥኩበት ነው። ወንድሙ ድብርት ነው ብሎ ከጓደኛው መድኃኒት ተቀብሎ ዋጠ። የነበረበት ግን ባይፖላር ነው፤ ስሜት ከድብርት ወደ ማኒያ፣ ማለትም ልክ ወዳጣ መነቃቃት፣ የሚዋልልበት ሕመም። የድብርት መድኃኒት ብቻውን እንዲህ ያለውን ሰው ወደ ማኒያ ሊገፋው ይችላል፤ እሱንም ገፋው። 5 ቀን ሳይተኛ፣ ያለውን ሁሉ ሸጦ፣ በመጨረሻ ሆስፒታል ገባ። ቁጥር 26 በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ጠቀሰ። ቁጥር 27 የሌለበትን በሽታ ያወራም መድኃኒት አያጣም ብሎ መለሰለት። ከሁሉ በላይ የተወደደው መልስ ይህ ነው። እኔም ሳቅኩ፤ ከቁጥር 25 ሥር መጻፉ ግን ቀፈፈኝ።

ቁጥር 29 ወጣት ናት፤ ጨዋነቱ እዚህ አበቃ። ሐኪም ዘንድ ሂዱ የምትሉ ሁሉ ወረፋው ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ ወይ የሚል ነው መልሷ። እሷ ከተመዘገበች 2 ዓመት ከ3 ወር ሆኗታል። እስከዚያ ራሷን ምን ብላ ትጥራ? ሰነፍ? ደደብ? እነዚህን ስሞችም ሐኪም አልሰጣትም፤ ቤተሰብና አስተማሪ በነጻ ነው የሰጧት። ማንም ያኔ ማስረጃ አልጠየቀም። ይህ መከራከሪያ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። ከዚያ ግን አባትየውን ነካችው፤ ሕመምህን እንደ ሜዳልያ አትልበሰው ዓይነት ነገር። ያንን ባትል ምን ነበረበት።

ቁጥር 31 የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ነው። ክፍሉ ውስጥ አንዲት ልጅ ሰው ፊት ስትናገር ትንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን ትናገር ነበር። አንድ ክረምት ቪዲዮ ስታይ ከርማ ማኅበራዊ ጭንቀት አለብኝ ብላ መጣች። ከክፍል ፊት መቆም ቀረ። ቀጥሎ እጅ ማውጣት ቀረ። ቀጥሎ መምጣት ቀረ። ፍርሃት የሚፈሩትን በሸሹ ቁጥር ይወፍራል፤ ስሙ የመሸሻ ፈቃድ ሆነላት። ኢያን ሃኪንግ የተባለው ካናዳዊ ፈላስፋ ይህንን ዙር ጽፎበታል፤ ሰው የተሰጠውን ስም ሰምቶ ይለወጣል፣ ስሙም ተመልሶ ከተለወጠው ሰው ጋር ይለወጣል። ሌሎች ሁለት ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2023 ስለ አእምሮ ጤና አብዝቶ ማስተማር ለአንዳንዱ ወጣት ተራ ጭንቀትን ወደ ሕመም ሊያሳድግ ይችላል የሚል መላምት አቅርበዋል። አስተማሪው ግን መላምት መሆኑን አልጻፈም ነበር። ቁጥር 32 ጻፈለት።

ከ33 እስከ 40 ያለውን ዝለሉት። አባትየውና ወጣቷ ተያያዙ፣ ሌሎች ጎራ ለይተው ገቡ፣ አወያዩ 3 መልስ ሰረዘ። መሀል ላይ አንዱ ስለ ድመቱ ጻፈ። ድመቱም ኦቲስቲክ ሳይሆን አይቀርም አለ። ማንም አልሳቀም።

ቁጥር 41 አጭር ነው፤ ለእኔ የተጻፈ ነው። ስሙን ለምን እንደምፈልገው ጠየቀኝ። ነኝ ብል ሰኞ ጠዋት ምን ይለወጣል፤ አይደለሽም ብባልስ ምን ማድረግ አቆማለሁ? ደግሞ ኦቲዝም በ30 ዓመት የሚጀምር ነገር ስላልሆነ፣ በ4 እና በ5 ዓመቴ ምን እንደምመስል የሚያውቅ ሰው እንዳለ ጠየቀኝ። 40 መልስ ካለፈ በኋላ ስለ እኔ የተጠየቀ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው።

እናቴ ጋ ደወልኩ። እኔ! ስልክ የምፈራው። ነገሩን ሳልነግራት ልጅ ሳለሁ እንዴት እንደነበርኩ ጠየቅኳት። ቁልፎችን በቀለም እየለየሁ መሬት ላይ እደረድር ነበር። አንዱን ሰው ካነሳብኝ እስክተፋ አለቅስ ነበር። የምበላበት ሳህን አንድ ብቻ ነበር፤ የተሰበረ ቀን ሁለት ቀን አልበላሁም። እኔ ይሄው ተገኘ ብዬ ስጽፍ፣ ቀጠለችና ወንድምሽም እንደዚያው ነበር፣ አባትሽማ እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው አለችኝ። ከዚያ ደግሞ ዝም ብላ ቆየችና፣ አንቺ ግን ስምሽ ሲጠራ ዞረሽ አታይም ነበር፣ ጆሮዋ አይሰማ ይሆን ብለን አስመርምረንሽ ነበር አለች። ይህን በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም።

ቁጥር 46 ላይ ይህንኑ ጻፍኩ። የቀልዷንም ይቅርታ ጠየቅኩ። ነኝ አይደለሁም አላልኩም፤ ቀጠሮ መያዜን ብቻ ተናገርኩ። ከ7 ወር በኋላ ነው።

ቁጥር 47 አባትየው ነው። ሥራ ላይ ሆኖ ይመስላል፣ በአጭሩ ነው የጻፈው። እናቴ ያለችውን ሁሉ ዛሬውኑ ወረቀት ላይ እንዳሰፍር፣ ዕድሜዬን ከየነገሩ አጠገብ እንዳስቀምጥ መከረኝ። የጆሮውን ምርመራ ወረቀት ካለም እንድፈልገው። እነሱ ልጃቸውን መጀመሪያ ሲወስዱ ሐኪሙ መቼ መናገር እንዳቆመ ሲጠይቃቸው፣ እሱ አንድ ወር፣ ሚስቱ ሌላ ወር ብለው እዚያው ሐኪሙ ፊት ተጣልተዋል።